ሞክሼ ፊደላትና ቁልፍ ቃላት በፐርል ሰዋስው

አንዱ «ስም» ብሎ ቢጽፍ ሌላው «ሥም» ብሎ ቢጽፍ፣ የሚያነበው ሰው ምናልባት ፊቱን ያጨፈግግ እንደ ሆነ እንጂ ትርጉሙ አይጠፋበትም። ኮምፒዩተር ግን ፊት የለውምና አያጨፈግግም፤ በደፈናው «የለም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጽሑፍ ልናጠናው የተነሣነው ይህችን «የለም» የምትባለውን አጭር መልስ ነው። ከየት እንደምትመጣ፣ በፐርል ቋንቋ የሰዋስው ተንታኝ የሚጽፍ ሰውም እንዴት አድርጎ ሊያስቀራት እንደሚችል ለመመርመር እንሞክራለን።

ውድ አንባቢያን ጓደኞቻችን፣ ጉዳዩ የምሕንድስና ተማሪዎች እንጂ የእኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች አይደለም የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዳሩ ግን ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር የፊደልና የሰዋስው ጉዳይ ነው። ፐርልን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ላሪ ዎል ራሱ የቋንቋ ጥናት ተማሪ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋራ ምናልባትም ወደ አፍሪካ መጥቶ ጽሕፈት ለሌለው ቋንቋ ፊደል የማዘጋጀት ሐሳብ እንደ ነበራቸውና በጤና ምክንያት እንደ ቀረ ይታወቃል። ፊደል ሊሠራ አስቦ ፐርልን የሠራ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ እኛም በዚህ ማዕድ ለመቀመጥ ፈቃድ መጠየቅ ያለብን አይመስለንም።

አስቀድሞ ችግሩ በላቲን ፊደል ዘንድ እንዴት እንደ ተፈጠረና እንደ ተፈታ እንመልከት። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው። እንግሊዞች እነዚህን «የላይ ሣጥን» እና «የታች ሣጥን» ብለው የሚጠሩት፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች የእርሳስ ፊደላቱን የሚያስቀምጡባቸው ሁለት ሣጥኖች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ስለ ነበሩ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ሣጥን የለም፤ እያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር አለው። ትልቁ ኤ 65 ሲሆን ትንሹ ኤ 97 ነው፤ በሁሉም ላይ ልዩነቱ 32 ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፎርትራን የተባለው ቋንቋ ሲወጣ በካርድ ላይ የሚቀዱት ፊደላት ትልልቆቹ ብቻ ስለ ነበሩ ጭቅጭቅ አልነበረም። ትንንሾቹ ፊደላት ሲመጡ ግን የቋንቋ አዘጋጆች ሁለት ወገን ሆኑ። አንዱ ወገን ትልቅም ትንሽም አንድ ነው አለ፤ ሌላው፣ ፐርልም ከነዚህ ናት፣ ሁለቱ ልዩ ልዩ ናቸው አለ። የሆነ ሆኖ ፐርል ለራሷ ቃላት ጥብቅ ብትሆንም፣ በእርሷ የሚጻፈው ተንታኝ የሌላውን ሰው ቋንቋ የሚያነብ ስለሆነ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ልዩነቱን እንዲንቅ መንገድ ሰጥታለች።

«ሰዋስው» ስንል እዚህ ላይ ምን ማለታችን ነው? አንድ ጽሑፍ በየትኛው ሥርዓት እንደ ተደረደረ የሚናገሩ ሕጎች ስብስብ ነው። «ተንታኝ» የምንለው ደግሞ ሕጎቹን ይዞ ጽሑፉን እየበተነ ይህ ትእዛዝ ነው፣ ይህ ስም ነው፣ ይህ ቁጥር ነው እያለ የሚለይ ፕሮግራም ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሡን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን እየለየ አገባቡን እንደሚያወጣ ያለ ሥራ ነው። ከሚለያቸው ነገሮች አንዳንዶቹ አስቀድመው የታወቁ፣ የማይለወጡና ለሌላው መንገድ የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው፤ እነርሱን «ቁልፍ ቃል» እንላቸዋለን።

በፐርል ብዙ ሰው የተማረበት ተንታኝ ሠሪ፣ በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዴሚየን ኮንዌይ ያዘጋጀው «ፓርስ ሬክዲሰንት» ነው። በዚህ መሣሪያ ቁልፍ ቃሉን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስቀመጥነው እንደ ሆነ ተንታኙ ያንኑ በትክክል ይፈልጋል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ያልፈዋል። በጥቅስ ፈንታ እንደ ቃል ንድፍ በሁለት ዝባዝ ጭረቶች መካከል ጽፈን በስተመጨረሻው «አይ» የምትባለውን ምልክት ብናክልበት ግን የትልቅና የትንሽ ልዩነት ይቀራል። ቀድሞ ፐርል 6 ትባል የነበረችውና እ.ኤ.አ. በ2019 ስሟ ተለውጦ ራኩ የተባለችው ቋንቋም ሰዋስውን የራሷ አካል አድርጋ ስትይዝ ይህችኑ ምልክት በሕጉ መግቢያ ላይ እንድትጻፍ ፈቅዳለች። ለእንግሊዝኛ ጉዳዩ በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል።

ለእኛስ? የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። እንግዲያውስ ችግሩም የለብንም ብሎ መደሰት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሣጥኖቹ ባይኖሩንም ሞክሼዎቹ አሉን። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠም፣ አና ዐም፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን መለያ ቁጥር አገኘ። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736፤ ሠ 4640፣ ሰ 4656፤ አ 4768፣ ዐ 4816፤ ጸ 4920፣ ፀ 4928 ናቸው። መዝገቡ ስለ እነዚህ ዝምድና የሚናገረው ነገር የለም፤ ትክክልም ነው፣ ዝምድናው የአማርኛ እንጂ የፊደሉ አይደለምና። ስለዚህ «አይ» የምትባለዋን ምልክት በአማርኛ ቃል መጨረሻ ላይ ብንደረድራት ምንም አትሠራም። ስሕተት አለ ብላም አታስጠነቅቅም፤ እንደ ተጋበዘ ግን እንዳልተናገረ እንግዳ ቁጭ ትላለች።

ጉዳዩ የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። ከጢቾ ከመጡ ጓደኞቻችን አንዱ ያጫወተን ነው። እናቱ፣ ስማቸውን ለውጠን እማማ አጸደ እንበላቸው፣ አንድ የምስክር ወረቀት ሊያወጡ ከጢቾ ተሳፍረው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። የቤቱን ስም መጥራት ለጥናታችን አይጠቅምም። ወጣቱ ጸሐፊ ስማቸውን ጻፈና፣

«እማማ፣ እንዲህ የሚባል ስም መዝገቡ ላይ የለም» አላቸው።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ ልጄ! አምና እኮ ከዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የጻፍከው አንተው ነህ።»

«ምን ላድርግ እማማ፣ ማሽኑ የለም ካለ የለም ነው።»

እማማ አጸደ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስማቸው በየትኛው «ጸ» እንደ ተጻፈ ሊነግሩት አይችሉም፤ እርሱም አልጠየቃቸውም። አድረው በማግሥቱ ሲመለሱ ሌላ ጸሐፊ በ«ዐ» እና በ«ፀ» ጻፈውና ስማቸው ወጣ። የአንድ ቀን ስንቅ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያና የአንድ እናት ድንጋጤ፣ ሁሉም በቁጥር 48 እና በቁጥር 8 ልዩነት ምክንያት መሆኑ ነው። «አጸደ» የሚለው ስም የመጀመሪያው ፊደል በአራት ዓይነት (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ ሁለተኛው በሁለት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል ስምንት መልክ አለው። ጸሐፊው የሞከረው ግን አንዱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ለጥናታችን የሚሆን አንዲት ትንሽ የመጠየቂያ ቋንቋ እንንደፍ። ተጠቃሚው «ፈልግ ስም አጸደ ዓመት 1962 ቦታ ጢቾ» ብሎ እንዲጽፍ እንፈልጋለን። ሰዋስዋችን የሚከተለው ነው።

ጥያቄ ፦ ትእዛዝ፣ ቀጥሎም አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጥንድ
ትእዛዝ ፦ ፈልግ ወይም አሳይ
ጥንድ ፦ መለያ፣ ቀጥሎም ዋጋ
መለያ ፦ ስም ወይም ዓመት ወይም ሥራ ወይም ቦታ

እዚህ ላይ «ፈልግ»፣ «አሳይ»፣ «ስም»፣ «ዓመት»፣ «ሥራ»፣ «ቦታ» ቁልፍ ቃላት ናቸው፤ «አጸደ»፣ «1962» እና «ጢቾ» ግን ዋጋዎች ናቸው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ ብዙ ነገር የሚመዘንበት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ቁልፍ ቃሉን ራሱን ማስፋት ነው። በፐርል የቃል ንድፍ ውስጥ በማዕዘን ቅንፍ የተከበቡ ፊደላት «ከነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። ስለዚህ «ስም» በማለት ፈንታ «[ስሥ]ም»፣ «ዓመት» በማለት ፈንታ «[አኣዐዓ]መት»፣ «ሥራ» በማለት ፈንታ «[ስሥ]ራ»፣ «አሳይ» በማለት ፈንታ «[አኣዐዓ][ሳሣ]ይ» ብለን እንጽፋለን። «ፈልግ» እና «ቦታ» ሞክሼ ስለሌላቸው እንዳሉ ይቀራሉ። ይህን በእጅ መጻፍ ያደክማል፤ ንድፉንም ለሚያነብ ሰው ዓይን ያጨልማል። ስለዚህ ቁልፍ ቃሉን ተቀብላ እያንዳንዱን ፊደል ከቡድኑ ጋራ የምትመልስ አንዲት ትንሽ ሥርዓት ጽፎ፣ ሰዋስው ውስጥ ሲገባ ቃሉ ባንድ መልክ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይሻላል። ሰዋስው ውስጥ «ዓመት» ተብሎ ይነበባል፤ በውስጥ ግን አራቱንም ይቀበላል።

ከዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው እርሱ ነው። ፐርል የፕሮግራሙ ጽሑፍ በዩኒኮድ መጻፉ በግልጽ ካልተነገራት በስተቀር ፊደላቱን የምታያቸው ባይት በባይት ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሠ 225፣ 136፣ 160 ሲሆን ሰ 225፣ 136፣ 176 ነው። እንግዲህ «[ሰሠ]» ብለን ብንጽፍ ፐርል «ከነዚህ ሁለት ፊደላት አንዱ» ብላ ሳይሆን «ከነዚህ አራት ባይቶች አንዱ» ብላ ትረዳለች፤ የፊደሉንም ሲሶ ነክሳ ሁለት ሦስተኛውን ትተፋለች። ቅንፍ የሌለበት ንድፍ ግን ባይቱ ከባይቱ ስለሚገጥም በትክክል ይሠራል። ስለዚህ ነው ፕሮግራሙ ለወራት ደኅና ሲሠራ ቆይቶ የሞክሼ ቅንፍ በተጨመረበት ቀን የሚታመመው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ዩኒኮድ መሆኑን በራስጌው መግለጽ፣ የሚነበበውንም ፋይል ሲከፍቱ ወደ ፊደል ማስተርጐም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢደረግ አይበቃም።

ሁለተኛው መንገድ ማስፋት ሳይሆን ማጠፍ ነው። ይኸውም ከያንዳንዱ ቡድን አንድ ተወካይ መርጦ ሌሎቹን ሁሉ ወደ እርሱ መለወጥ ነው፤ ቁልፍ ቃሉም ይታጠፋል፣ የሚነበበውም ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ እኩል መሆናቸው ይታያል። ተወካዮቻችን ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ቢሆኑ፣ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐና የፀ ሰባት ሰባት ፊደላት ይታጠፋሉ፤ 35 መሆናቸው ነው። ከዚህም ሌላ በአማርኛ የሀ ግዕዝና ራብዕ (ሀ፣ ሃ)፣ የአ ግዕዝና ራብዕ (አ፣ ኣ) አንድ ድምፅ ስለሆኑ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37 ይሆናሉ። ሓ፣ ኃና ዓም ከ35ቱ መካከል ሲሆኑ የሚታጠፉት ወደ ሃና ወደ ኣ ሳይሆን ወደ ሀና ወደ አ መሆኑን ልብ ይሏል። ለናላ ግን በፍጹም አይታጠፉም፤ የመጀመሪያውና አራተኛው ቤት የሚገናኙት በነዚህ ጉሮሮዎች ላይ ብቻ ነው።

የሒሳብ ፍቅር ያለው ሰው እዚህ ላይ አቋራጭ ይታየዋል። ፊደሎቹ በዩኒኮድ መዝገብ በስምንት በስምንት ተደርድረዋልና ከሐ ላይ 16 ብንቀንስ ሀን እናገኛለን፣ ከሑ ላይ 16 ብንቀንስ ሁን እናገኛለን፤ ታዲያ ሠንጠረዥ ለምን ይጻፋል? እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ እውነት ነው። በስምንተኛው ቤት ግን አቋራጩ ገደል ይገባል። ከሗ ላይ 16 ብንቀንስ የምናገኘው ሇን ነው፤ ይህች ፊደል እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ መዝገቡ የገባች ስትሆን ከሗ ድምፅ ጋራ ግንኙነት የላትም። የሗ እውነተኛ ጓደኛ ከኀ ዘር ያለችው ኋ ናት፤ «ኋላ» ስንል የምንጽፋት። እንደዚሁም ከፀ ዘር በስምንተኛው ቤት ያለችው ፇ ከጿ ጋራ አንድ አይደለችም። ከአ ዘር በስምንተኛው ቤት ያለችው ደግሞ እማማ አጸደ «ኧረ» ያሉባት ኧ ናት፤ እርሷም የራሷ ድምፅ ስላላት ከሠንጠረዡ ውጭ ትቀመጣለች። በአጭሩ፣ ሠንጠረዡን ፊደል በፊደል መጻፍ ግድ ነው። ቍን ወደ ቁ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮ ማጠፍም ለአማርኛ ተገቢ ይመስለናል፤ «ቍጥር» እና «ቁጥር»፣ «ጐንደር» እና «ጎንደር» ሁለቱም በየጋዜጣው ይታያሉና።

በፐርል ይህን የሚያደርገው «ቲ አር» የሚባለው የፊደል ለዋጭ ነው። ሁለት ዝርዝር ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ዝርዝር ሦስተኛ ፊደል ወደ ሁለተኛው ዝርዝር ሦስተኛ ፊደል ይለወጣል። ሁለተኛው ዝርዝር ቢያጥር ግን አያማርርም፤ የመጨረሻዋን ፊደል እየደጋገመ ይሞላበታል። ከ37ቱ መካከል አንዲት ፊደል የዘለለ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ቤት ተንሸራተው «ሥ» «ሶ» ሆና ብትገኝበት ሊደነቅ አይገባም። ሁለቱን ዝርዝሮች ማስቆጠርና ቁጥራቸው ካልተካከለ ፕሮግራሙ እንዲቆም ማድረግ አንድ መሥመር ብቻ ይፈጃል።

የማጠፍ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከኛ ፊደል ጠባይ የመጣ ጥቅም ነው። ከላይ የጠቀስናቸው እጥፋቶች ሁሉ አንድን ፊደል ወደ አንድ ፊደል ነው የሚለውጡት፤ ስለዚህ የጽሑፉ ርዝመት አይለወጥም፣ በታጠፈው ላይ ሃያኛ ሆና የተገኘች ፊደል በዋናውም ላይ ሃያኛ ናት። ጀርመኖች ይህ ዕድል የላቸውም፤ «እስጼት» የሚሏት አንዲት ፊደል ስትታጠፍ ሁለት ኤስ ትሆናለች፣ ጽሑፉም ይረዝማል። ፐርል እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.16 በተባለው እትሟ ላይ ለማነጻጸር ብቻ የሚያጥፍ ልዩ ሥራ የጨመረችው እንዲህ ያለውን በትክክል ለማስተናገድ ነው። ከፈረንጅ ፊደል የእኛ የሚቀልበትን ቦታ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ይህችን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ታዲያ ከሁለቱ መንገዶች የቱ ይሻላል? የኛ አስተያየት፣ ለቁልፍ ቃላት ማስፋት፣ ለዋጋዎች ማጠፍ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው የሚታጠፈው ለማነጻጸር ብቻ እንጂ ለማስቀመጥ አይደለም። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ ለማቅለል ሲሉ ጽሑፉን ሁሉ ከመተንተኑ በፊት አጥፈው ይጨርሱታል። ቁልፍ ቃሉ ይገኛል፤ የሰውየው ስም ግን እርሱ ባልጻፈው መልክ ተለውጦ በመዝገብ ይቀመጣል። «ዐፀደ» ብላ የፈረመች ሴት «አጸደ» ተብሎ የታተመ ወረቀት ሲሰጣት፣ ሌላ ቦታ ስትሄድ ደግሞ «ስምሽ አይመሳሰልም» ስትባል፣ የመጀመሪያውን ችግር በሁለተኛው ለወጥንላት እንጂ ምን ጠቀምናት? ስለዚህ መዝገቡ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንዱ ሰውየው እንደ ጻፈው ያለ ስም፣ ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ በወረቀት ላይ ፈጽሞ የማይታተም የታጠፈ ስም።

ከስም ውጭም ማጠፍ የሚያጠፋው ነገር አለ። «ድኅነት» ብሎ በኀ የጻፈ ሰው ስለ መዳን መናገሩ ነው፤ «ድህነት» ያለው ስለ ማጣት ነው። ታጥፈው ሲገናኙ መዳንና መቸገር አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ የመጻሕፍት ዝርዝር ለሚፈልግ የነገረ መለኮት ተማሪ ይህ ቀልድ አይደለም። በግዕዝማ ነገሩ ይብሳል፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ግን ለመነ። የግዕዝ ጽሑፍ የሚተነትን ሰዋስው የአማርኛውን ሠንጠረዥ ቢዋስ ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል። ስለዚህ ፈላጊው በመጀመሪያ እንደ ተጻፈው የገጠመውን ከላይ፣ በእጥፋት የገጠመውን ከታች አድርጎ ያሳይ፤ እንዲህ ከሆነ የሚጠፋም የሚምታታም አይኖርም።

ትግርኛም የራሱ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። ሐ እና ዐ በትግርኛ ከሀና ከአ የተለየ ሕያው ድምፅ አላቸው፤ ማጠፍ ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ቃላትን አንድ ማድረግ ነው። ጸና ፀ ግን በትግርኛም ይገናኛሉ። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም፤ በቱርክኛ ነጥብ ያላት አይና ነጥብ የሌላት አይ ሁለት ልዩ ልዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ በእንግሊዝኛ ሕግ የተጻፈ ማጠፊያ እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። እጥፋት የቋንቋ ሕግ እንጂ የፊደል ሕግ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ሰዋስዋችን እንመለስና ስለ ቃል ድንበር ጥቂት እንበል። «[ስሥ]ም» የሚለው ንድፍ «ስምንት» የሚለውን ቃል ሲያገኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ወስዶ «ስም» አገኘሁ ይላል፤ «ንት» የምትባል ትርፍራፊ ትቀራለች። «ዓመት» ደግሞ «ዓመታዊ»ን አይበላም፣ ት እና ታ ልዩ ፊደላት ናቸውና፤ የፊደላችን አሠራር እዚህ ላይ ሳይጠሩት ረድቶናል። ለ«ስም» ግን ከኋላው የቃል ድንበር ምልክት ማድረግ ያሻል። በፐርል አማራጮች የሚሞከሩት በተጻፉበት ተራ ስለሆነ ረጅሙን ቃል ማስቀደምም ይረዳል፤ በራኩ ባለ አንድ ጭረቱ አማራጭ ረጅሙን የሚመርጠው ራሱ ነው።

ሌላው ነገር ሁለት ነጥብ ነው። አባቶቻችን በየቃሉ መካከል የሚያኖሩት «፡» መለያ ቁጥሩ 4961 ሲሆን፣ በዩኒኮድ መዝገብ የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ጋራ እንጂ ከባዶ ቦታ ጋራ አይደለም። ተንታኙ በቃላት መካከል እንዲዘል የተነገረው ባዶ ቦታን ነው፤ «ፈልግ፡ስም፡አጸደ» ብሎ የጻፈለትን ሽማግሌ እንግዲህ ከመጀመሪያዋ ነጥብ ላይ ያቆመዋል። መዝለያውን «ባዶ ቦታ ወይም ፡» ብሎ ማስፋት በፓርስ ሬክዲሰንትም በራኩም ይቻላል። በፈረንጅ የነጥብ ምልክት የሚጽፉም ስላሉ እርሷንም ማከል ደግ ነው። «በስም»፣ «ከዓመት» እያለ መስተዋድዱን አጣብቆ ለሚጽፍ ደግሞ ከቁልፍ ቃሉ በፊት «[በከለየ]» አማራጭ ሆና ብትገባ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ መሄድ የአማርኛን ሰዋስው በሙሉ ማስገባት ስለሚሆን የኛ ትንሽ ቋንቋ አትሸከመውም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያከራከረን የቦታ ስም ነው። አገራችንን አርሲን ምሳሌ እናድርጋት። «አሰላ» በሞክሼ ብቻ ስምንት ዓይነት ትጻፋለች፤ «ሁሩታ» ሦስት ዓይነት። «ጢቾ» ግን ሁለቱም ፊደሎቿ ሞክሼ የላቸውም፤ አንድ መልክ ብቻ አላት። ሆኖም በየወረቀቱ «ቲቾ» ተብላ ተጽፋ እናገኛታለን። ታዲያ ጠን ወደ ተ እንጠፍ? እኛ አይሆንም እንላለን። ጠና ተ በአማርኛም በኦሮምኛም የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ «ጠራ»ና «ተራ» አንድ ይሆናሉ ማለት ነው። ጥቂት የፊደል ልዩነትን የሚንቅ ግምታዊ ፍለጋ ይግባ የሚሉም አሉ፤ እንዲህ ያለው ፍለጋ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ግድ የለውም። ነገር ግን በዚያው በአርሲ «ጢዮ» የሚባል ወረዳ አለ። ጢቾና ጢዮ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቦታዎች ናቸው! ማሽኑ በግምት የጢቾን ሰው የጢዮ ቢያደርገው «የለም» ከማለት የከፋ ይሆናል፤ «የለም» የተባለ ሰው ይከራከራል፣ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ የተጻፈ ግን ነገሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ «ቲቾ» በእጥፋት ሳይሆን በስም ተለይታ የጢቾ ተለዋጭ ሆና ሰዋስው ውስጥ ትጻፍ። «አሩሲ» እና «አርሲ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ አሩሲ ይባል ነበር፣ ጢቾም ካውራጃዎቹ አንዷ ነበረች፤ በዚያ ዘመን የተጻፈን ወረቀት ለመፈለግ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ የፊደል ሳይሆን የታሪክ ዕውቀት ስለሆነ ከሠንጠረዥ አይገኝም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ መጻፍ አለበት። ግምታዊ ፍለጋም ካስፈለገ «ጢዮ ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ ራሱ አይወስን።

በኦሮምኛ ስንጽፍ ደግሞ፣ ቁቤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ የሚሠራበት የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ከላይ ያልጠቀመችን «አይ» የምትባለው ምልክት ሥራ ታገኛለች። ጠ የሚጻፈው በኤክስ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ኤክስ ያለ ችግር ይታጠፋል። ሁለት ፊደል ሆነው አንድ ድምፅ የሚሰጡት፣ ለምሳሌ ዲና ኤች ተጣምረው የሚጻፉበት፣ በርእስ ላይ አንዳንዱ ሁለቱንም ሌላው የመጀመሪያውን ብቻ ትልቅ ያደርጋል፤ ምልክቷ ለዚህም ትበቃለች። የማትበቃው ለሁዳ ነው። ሁዳ ማለት የጉሮሮ መቆራረጥን የሚያመለክት እንደ ጭረት ያለ ምልክት ሲሆን፣ ሰዎች ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያገኙትን ቀጥ ያለውንም ጎበጥ ያለውንም ይጽፉበታል፤ ቁጥራቸው የተለያየ ነው። እዚህ ላይ የማዕዘን ቅንፋችን ተመልሳ ታስፈልጋለች።

ሥራውን ከባዶ መጀመር ለማይፈልግ፣ ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ያዘጋጃቸውና ሲፓን በሚባለው የፐርል ጎተራ በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ። ከነርሱ መካከል «ሬጅኤክስፒ ኢትዮፒክ» የሚባለው የፊደሉን ዘርና ቤት ለይቶ በቃል ንድፍ ውስጥ ለመጻፍ ያስችላል፤ ለአማርኛም የተለየ ክፍል አለው። (የአዘጋጁ የአባት ስም ራሱ በዕም በእም ይጻፋልና ፍለጋ ለሚለማመድ ጥሩ ምሳሌ ነው።)

ፊደላችን ይቀነስ አይቀነስ የሚለው የቆየ ክርክር እዚህ ላይ ይነሣ ይሆናል። ሞክሼዎቹ ይውጡ ከሚሉት ምክንያቶች አንዱ መኪናን ማስቸገራቸው ነበር፤ በጽሕፈት መኪና ዘመን ይህ ክብደት ያለው ምክንያት ነበር። ዛሬ 37 ፊደላት ያሉባት አንዲት ሠንጠረዥ ችግሩን ከተሸከመችው፣ ሌላው ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ መኪናን ምስክር አድርጎ መጥራት የሚገባ አይመስለንም። በዚህ ላይ ከኛ የተለየ አስተያየት ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ደስ ይለናል።

ይህን ሰዋስው ጽፎ ለሚሞክር ሰው ሁለት የመፈተኛ ዝርዝር ያዘጋጅ እንላለን። በአንደኛው ሊገናኙ የሚገባቸው ጥንዶች ይጻፉ፤ ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመት፣ ጸሐፊና ፀሀፊ፣ ኋላና ሗላ። በሁለተኛው ሊገናኙ የማይገባቸው፤ ስምና ስምንት፣ ጠራና ተራ፣ ለና ላ፣ ጢቾና ጢዮ። ሁለተኛውን ዝርዝር የሚዘነጋው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉን ከሁሉ የሚያገናኝ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ፈተና ያለ አንዳች ስሕተት ያልፋልና። ለልምምድ ያህል ደግሞ «ዐፄ ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም በሞክሼ ፊደላት ብቻ ስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ቁጠሩ። መልሱ 192 ነው፤ ኸን ሳንጨምር።